ለሽንኩርቱ ዘበኛ፣ ለሰውዬው እግዜር

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ያለ ዘበኛ አያድርም። መሰብሰቢያው ሲቃረብ ማሳው ዳር ጎጆ ቢጤ ይቀለሳል፤ ባትሪና ዱላ የያዘ ሰው ሲዞር ያነጋል። ባለቤቱን "ለምን ለፈጣሪ አትተወውም?" ብትሉት እንደ እብድ ያያችኋል። ሌባ እያለ!

ይኸው ሰው መስከረም ጠብቶ ወባ ስትነሳ መናኝ ይሆናል። "አጎበሩስ?" ሲሉት እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል፦ "ከእሱ በቀር ማን አለን?" በዚህ ጉዳይ ሮቢት ባለችበት በይፋት ክርስቲያንና ሙስሊም አይለያዩም፤ አንዱ "እግዜር ያውቃል"፣ ሌላው "አላህ ያውቃል" ብሎ እኩል ያለ አጎበር ይተኛል። አጎበሩ ግን ሥራ አልፈታም። አንዱ የዶሮ ቤት ሆኗል፤ አንዱ የችግኝ መደብ ሸፍኗል፤ የተረፈው ተገምዶ የማሽላ አገዳ ታስሮበታል። ጫጩቷ ከትንኝ ተከልላ ታድራለች። ማሳው ላይ የሚያድረው ዘበኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለቀን ሥራ ከደጋ የወረደ፣ ወባን ያልለመደ ጎልማሳ ነው። እሱ ሽንኩርቱን ይጠብቃል፤ እሱን ፈጣሪ ይጠብቀዋል ተብሏል።

የፀረ ወባ ርጭቱማ ነገር አይነሳ። ረጪው ታንኩን አዝሎ ግድግዳውን ሁሉ አዳርሶ ይወጣል። እማወራዋ ደግሞ በዓል ደርሷል ብለው በጭቃና በእበት ልቅልቅ ያደርጉታል። መድኃኒቱ ከምርጊቱ ሥር ተቀበረ። ትንኟ ምን ጎደለባት?

ሰውዬው ሲንቀጠቀጥ ጤና ጣቢያ ይወስዱታል፤ የሦስት ቀን ኪኒን ይሰጠዋል። በሁለተኛው ቀን ላብ ላብ ሲለው ቀሪውን "ለሌላ ጊዜ" ብሎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። በፈጣሪ ብቻ ከታመነ ይህ ስንቅ ለምኑ ነው?

በፈጣሪ ብቻ የሚታደርበት ቀን የለም አልልም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ከሮቢት ወደ ሰሜን፣ ካራቆሬ ላይ ምድር ተናውጣ ቤቶች ሲፈርሱና ማጀቴ ስትወድም ሰው ምን ያድርግ? በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥርም ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲነቃነቅ "እግዚኦ!" ባለው ሰው ላይ አልስቅም። ለምድር አጎበር አይዘረጋላትም።

ለወባ ግን ይዘረጋል። በ1950 ክረምት የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ አዲሱ ዓመት ተሻግሮ በአገሪቱ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ያኔ ሰው አልጸለየም የሚል ካለ ይምጣ። የጠፋው አጎበሩና መድኃኒቱ ነበር፤ ዛሬ አንዱ ዶሮ ቤት፣ ሌላው ሳጥን ውስጥ አለ።

እንግዲህ የሮቢት ሰው፣ ጫጩቶቹን አስወጣና አጎበሩን ወደ አልጋህ መልስ። ለዘበኛህም አንድ ስጠው። ከአጎበር ሥር ሆነህ ብትጸልይም ይሰማሃል።