ብርቱካን፣ ሐበሽ፣ ሲኒ፦ የደላላ ሕግ በቃላት ታሪክ ውስጥ

በአማርኛ ብርቱካን ፍሬም ነው፣ ሴት ልጅም ናት። ፍሬው በኪሎ ይሸጣል፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ መታወቂያ ታወጣለች፣ ትዳር ትይዛለች። በስም ግን ሁለቱም አንድ አገር ናቸው፦ ፖርቱጋል። ከደቡብ ቻይና አካባቢ የተነሣውን ጣፋጭ ፍሬ የሜዲትራኒያንን ገበያ ያስለመዱት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለነበሩ፣ ዐረቡ ቡርቱቃል፣ ቱርኩ ፖርታካል፣ ግሪኩ ፖርቶካሊ አለው። በአንዳንድ የዐረብኛ ዘዬዎች መጨረሻው ወደ «ን» ዞረና አማርኛ ያንኑ ተቀበለ። በ1541 (እ.ኤ.አ.) ምጽዋ ላይ የወረዱት አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች ፍሬውን በስልቻቸው ይዘው መጥተው ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር አይጠፋም፤ ቃሉ ግን በዐረብ በር ስለገባ ነፍጠኞቹ በነፃ ይሰናበታሉ።

ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ፍሬውን ላራንዣ ይሉታል። የዚህ ቃል የዘር ሐረግ በዐረብኛው ናራንጅና በፋርሱ ናራንግ አልፎ ሳንስክሪት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ዓለም ፖርቱጋልን ሲጠራ፣ ፖርቱጋል ህንድን ትጠራለች። ሆላንዶች ሲናስአፔል፣ ማለትም «የቻይና ፖም» አሉት። ፖም አለመሆኑ በይቅርታ ከታለፈ፣ ለእውነት የቀረቡት እነሱ ናቸው።

ከዚህ ማስረጃ «የደላላ ሕግ» የሚባል ድንጋጌ ማውጣት ይቻላል፦ ዕቃ ስሙን የሚያገኘው ከበቀለበት ማሳ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ካሻሻጠው ሰው ደጅ ነው። ሕጉ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም፤ መርካቶ ግን ሲሠራበት ኖሯል።

ሕጉ እስከ ጥግ የተፈተነው በበቆሎ ነው። በቆሎ ከዘጠኝ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዋ ሜክሲኮ ከአንድ የዱር ሣር የተላመደ እህል ነው፤ ውቅያኖስ የተሻገረውም ኮሎምበስ ከ1492 ወዲህ ከተመላለሰ በኋላ ነው። ጣሊያኖች አይተውት «የቱርክ እህል» አሉ። ቱርኮች በበኩላቸው ምስር ብለው ሰየሙት፤ ምስር ማለት ግብፅ ነው (ከወጡ ጋር ዝምድና የለውም)። ግብፆች ደግሞ «ዱራ ሻሚ»፣ የሻም ማሽላ ብለው ወደ ሶርያ መሩት። እንግሊዞች «የኢንዲያን እህል» አሉና የትኛው ኢንዲያን እንደሆነ ለአንባቢ ተዉት። ፋይሉ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሜክሲኮ የምትባል ቢሮ አንድም ጊዜ አልተንኳኳችም። የአማርኛው «የባሕር ማሽላ» በዚህ ሁሉ መካከል አስተዋይነት የሚታይበት መፍትሔ ነው። አገር አይጠራም፣ ማንንም አያስቀይምም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍም የተስተናገደው በዚሁ መስኮት ነው።

ፈረንጆች ለበዓል የሚጠብሱት ትልቁ ዶሮ መሰል ወፍ ደግሞ የባሰ ነው። እሱም የሜክሲኮ ልጅ ነው። እንግሊዝ ቱርክ ይለዋል፤ ቱርክ ሂንዲ ይለዋል፤ ፈረንሳይም እንደዚሁ «የህንድ» ይላል፤ ሆላንድ ለይቶ የህንዷን የካሊከት ከተማ ይጠቁማል፤ ፖርቱጋል ፔሩ ትላለች፤ ማሌዎች «የሆላንድ ዶሮ» ይላሉ። ግብፅ ዘንድ «ዲክ ሩሚ»፣ የሮም አውራ ዶሮ ነው። ሊባኖስና ሶርያ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ወደ ቤት ይመጣል፤ እዚያ ስሙ «ዲክ ሐበሽ»፣ ሲያጥር ደግሞ በቀላሉ «ሐበሽ» ነው።

ስለዚህ ለቤት ሥራ ቤይሩት የሄደች ኢትዮጵያዊት እመቤቷ ሱፐርማርኬት ስትልካት፣ ሥጋው በስሱ ተቆርጦ በተደረደረበት መስታወት ላይ የወገኖቿን ስም ከነዋጋው ታነባለች። በጢስ የታጠነ አለ፣ ያልታጠነ አለ። ሻጩ «ሐበሽ ስንት ልመዝን?» ሲላት ስለ ወፍ ነው የሚያወራው። ወፉን ከሐበሻ አገር ጋር የሚያገናኘው አንዳች የልደት ማስረጃ የለም፤ የሊባኖስ ሰው ግን የመጣበትን ሩቅ አገር ሲፈልግ አእምሮው ውስጥ ቅርብ ሆኖ ያገኘው ሩቅ ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም።

ሐበሻ በበኩሉ ንጹሕ አይደለም። ቡናውን የሚጠጣበት ሲኒ በዐረብኛ «ቻይናዊ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ እንግሊዝም የሸክላ ዕቃውን ቻይና ይለዋል። ለረጅም ዘመን ስሙ የሩቅ ወሬ ሆኖ ቆየ። ዛሬ ከረከቦቱ ላይ አንዱ ሲኒ ተነሥቶ ቢገለበጥ፣ ሥሩ ላይ «በቻይና የተሠራ» የሚል ማኅተም መገኘቱ የተለመደ ነው። ስም ቀድሞ፣ ዕቃው ዘግይቶ የተገናኙበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። በሲኒው ውስጥ ያለው ግን አልታደለም፤ ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ኮፌያ አራቢካ ብሎ ለዐረብ አገር መዘገበው። የከፋ ጫካ ይግባኝ አልጠየቀም። ሞካም መጀመሪያ የየመን ወደብ ነበር፤ አሁን በየካፌው ቸኮላት የተጨመረበት ቡና ነው።

አማርኛ «ዘይቱን» የሚለው ፍሬ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን ስሙ በዐረብኛ የወይራ ፍሬ ነው። ታይላንዶች ይህንኑ ፍሬ ፋራንግ ይሉታል፤ ፋራንግ በእነሱ ቋንቋ ነጭ ሰውም ነው፤ የእኛው ፈረንጅ ማለት ነው። ሁለቱም የተወለዱት ፍራንክ ከሚባል አንድ የጀርመን ነገድ ሲሆን፣ ነገዱ በዐረብና በፋርስ አፍ ተዘዋውሮ እዚህ አዲስ አበባ ላይ ዶሮና ላም፣ ባንኮክ ላይ ደግሞ ጭማቂ ሆኗል።

የፈረንጅ ጥድ የሚባለውም በዚህ መዝገብ ውስጥ ነው፤ በየግቢው አጥር ሆኖ የሚከረከመው። እንግሊዛዊው አትክልተኛ ፊሊፕ ሚለር በ1768 ኩፕሬሱስ ሉሲታኒካ ሲለው፣ ሉሲታኒያ የፖርቱጋል የጥንት ስም ስለሆነ «የፖርቱጋል ጥድ» ማለቱ ነበር። ዛፉ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው። ሜክሲኮዎቹስ ምን ይሉታል? «ነጭ አርዝ»። አርዝ አይደለም።