ዲስክወርልድን ገና ከደጁ ለመመለስ

የቴሪ ፕራቼትን ተከታታይ ልቦለድ፣ ዲስክወርልድን፣ ከልቤ እወደዋለሁ። አንባቢ ከደጁ የሚመለስባቸውን መንገዶች በትእዛዝ መልክ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መገናኛ ይሂዱ። አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ መጻሕፍት የዘረጋውን ልጅ “ቁጥር አንዱን ካላገኘሁ አልጀምርም” ይበሉት። ካገለገሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ክምር ውስጥ የሚወጣው የመጣው እንጂ ተራው የደረሰው አይደለምና ሲጠብቁ ዓመቱ ያልፋል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ ሳያነብ ራማቶሓራን የጀመረ ይደናገራል። ፕራቼት ግን ከእ.ኤ.አ. 1983 እስከ 2015 ከወጡት 41 የዲስክወርልድ ልቦለዶች አብዛኞቹን ለየብቻቸው እንዲነበቡ አድርጎ ነው የጻፋቸው።

ቀንቶዎት ቁጥር አንዱን፣ ዘ ከለር ኦቭ ማጂክን፣ ካገኙ በእሱ ብቻ በሁሉም ላይ ይፍረዱ። መጽሐፉ የሚቀልደው በድሮ የጎራዴና የአስማት ልቦለዶች ላይ ስለሆነ እነሱን ያላነበበ ሰው ብዙው ያመልጠዋል። ታሪኩም ተንጠልጥሎ ይቀርና በሁለተኛው መጽሐፍ ይቋጫል።

አራተኛውን፣ ሞርትን (1987)፣ ፈጽሞ አይክፈቱ፤ ይዞ ያስቀርዎታል። ሞርት የሚባል ጎረምሳ ቀጣሪ ፍለጋ አደባባይ ይቆማል። እኩዮቹ አንድ በአንድ ተወስደው እሱ ብቻውን ይቀራል። እኩለ ሌሊት ላይ በነጭ ፈረስ አንድ ቀጣሪ ይደርሳል፤ ሞት ራሱ ነው፣ ተለማማጅ ይፈልጋል። በማለዳ የቀን ሥራ ሲጠብቁ የሚቆሙ ወጣቶችን ያየ ሰው ለዚህ ትዕይንት አስረጂ አያሻውም።

ስሞል ጎድስንም (1992) ከቤትዎ ያርቁ። ታላቁ አምላክ ኤሊ ሆኖ ቀርቷል፤ ቤተ እምነቱ አገር እየገዛ ከልቡ የሚያምንበት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አትክልት የሚኮተኩት፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ የሰማውን ግን አንዲት ቃል የማይረሳ ደቀ መዝሙር ነው። በእንጦጦ ማርያም ወይም በየካ ሚካኤል ደጅ ያደገ አንባቢ ዳዊትን በቃሉ የሚደግም ሰው ያውቃልና ይህን ልጅ ከብዙ እንግሊዛውያን አንባቢዎች ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። ለእኛ አገር አንባቢ መግቢያው ይህ መጽሐፍ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ከመጨረሻው፣ ከዘ ሼፐርድስ ክራውን፣ ይጀምሩ። ደራሲው በመጋቢት 2015 ካረፈ በኋላ የወጣ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የማያውቋት ሴት ለቅሶ ላይ ይደርሳሉ፤ ሌሎቻችን በኢኳል ራይትስ (1987) ከተዋወቅናት ጀምሮ ስንወዳት የኖርናት ሴት ለቅሶ ላይ።