ረዳትና ባትሪ አይወርዱም

ባምቢስ፣ ጀበና ቡና ላይ ቁጭ ብለናል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል በኤሌክትሪክ መኪና ብቅ ያለው ወዳጄ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ «ተራው የአውሮፕላን ነው» አለ።

«የትኛው?»

«ዳሽ 8-100፤ አየር መንገዳችን ባሕር ዳር የሚልከው የኪው 400 ታላቅ ወንድም። ፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ባንድ ጎኑ ሃይብሪድ ሞተር ሊገጥምለት ተነስቷል። 30 በመቶ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው።»

«ሰማይ ላይ መብራት ቢሄድስ?»

«የነዳጁም ሞተር አብሮ አለ!»

«ታዲያ ጀነሬተር ያለው የካዛንቺስ ሆቴል ነው በለኛ!»

ቡና የምትቀዳው ልጅ ሳቀች። እሱ ግን ወይ ፍንክች። ትልቅ ሞተር የሚያስፈልገው ለመነሳት ነው፤ ከፍታውን ከያዘ በኋላ ብዙው ጉልበት ሥራ ይፈታል። ሲነሳ ኤሌክትሪክ ካገዘው የነዳጁ ሞተር ለጉዞው ልክ ብቻ ይሠራል።

«ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የነዳጅ ሞተር ያለከልካል፤ የኤሌክትሪኩ አይተነፍስ!»

ይህቺን ወደድኳትና ዝም አልኩ። አጠገባችን ስኒውን የያዘው ባለታክሲ ግን ዝም አላለም።

«ወንድሜ፣ ባትሪው ስንት ይመዝናል?»

አንድ ኪሎ ነዳጅ ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ባትሪ የአንዷን ኪሎዋት ሰዓት ሩብ ያህል። የነዳጅ ሞተር አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክንም፣ አንዱን ኪሎ ነዳጅ ለመተካት ከአሥር ኪሎ በላይ ባትሪ ይጠይቃል።

«ነዳጅስ እየነደደ ይቀላል፤ ባትሪውስ?»

«ሲነሳም ሲያርፍም ያው ነው።»

«በቃ ረዳቴ ነው! ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ እሱ አይወርድም። ደግሞ 30 በመቶው ከየት እስከ የት ነው? ከባምቢስ ቦሌ ነው ወይስ ከባምቢስ ሐዋሳ?»

ወዳጄ እዚህ ላይ ተጨነቀ። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የባትሪው ክብደት ቁጠባውን ይበላዋላ! ኤርባስና ሮልስሮይስ ኢ-ፋን ኤክስ የተባለውን ሃይብሪዳቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 አንዴም ሳይበር ዘግተውታል። ድሪምላይነር ግን ያለዚህ ሁሉ ጣጣ፣ በካርቦን ገላውና በአዳዲስ ሞተሮቹ፣ ከ767 በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነዳጅ እያቃጠለ እ.ኤ.አ. በ2012 ቦሌ አርፏል።

«መኪናዬን ቻርጅ ላድርግ» ብሎ ተነሳ። ሦስት ስኒ ጠጥቷል፤ ሒሳቡን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ባለታክሲው በዓይኑ ሸኘው። «30 በመቶ ያለው ትንሽ ነው፤ ይሄ ሰው መቶ በመቶ ይቆጥባል።»