ለብሪታንያ ቪዛ ክፍል፦ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ የቀረበ የጉዞ ዕቅድ ማብራሪያ

ለ፦ የታላቋ ብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የቪዛና የኢሚግሬሽን ክፍል
ለንደን

ጉዳዩ፦ በካምፐርቫን ሊደረግ የታሰበን የእንግሊዝ ገጠርና ባሕር ዳርቻ ጉብኝት ይመለከታል

የታላቋ ብሪታንያ የኢሚግሬሽን ደንብ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው «እውነተኛ ጎብኚ» መሆኑን እንዲያስረዳ ያዛል፤ እውነተኛ ጎብኚ የሚባለውም የጉብኝቱ ጊዜ ሲያበቃ ወደ መጣበት እንደሚመለስ የቪዛ መኮንኑን ያሳመነ፣ ሥራ ሳይሠራና የመንግሥት ድጎማ ሳይነካ በቂ ገንዘብ ይዞ መሰንበት የሚችል ሰው ነው። ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ የሚኖሩና አብዛኞቹ በሚኒባስ ታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ የአንድ ዕቁብ አባላት ያወጡት የጉዞ ዕቅድ ከዚሁ ደንብ ጋር እንዴት እንደሚጣጣም ለማብራራት ነው። ክፍሉ ለመመለስ ጉዳይ የሚሰጠውን ክብደት አመልካቾቹ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ በዕቅዳቸው ውስጥ ያስገቡት ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ የሄዱ ሰዎችና ንብረቶች ያለፉባቸውን ወይም እስከ ዛሬ የተቀመጡባቸውን ቦታዎች ብቻ ነው፤ ስለ መመለስ ለመማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም።

በቅድሚያ ተሽከርካሪውን በተመለከተ፣ ካምፐርቫን ማለት የሚኒባስ ወንበሮች ተነቅለው በምትካቸው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያና አነስተኛ ፍሪጅ የሚገጠምለት፣ ተጓዡ የሆቴል ኪራይ ሳይከፍል የሚያበስልበትና የሚያድርበት መኪና ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ትርፍ የሚጭንበት፣ የኋላ ወንበር ተሳፋሪ ለመውረድ የፊቶቹን ሁሉ አስነስቶ የሚያልፍበት መኪና ሌላ አገር ሁለት ሰው ብቻ ተጋድሞበት የባሕር ሞገድ እንደሚያይበት ሲነገር፣ ነገሩ በታክሲ ተራው ዘንድ ከፍተኛ ክርክር ማስነሳቱ አልቀረም። አመልካቾቹ አራት ሰው የሚያስተኛ መኪና ለመከራየት የወሰኑ ሲሆን፣ በጉዞው ሁሉ ትርፍ እንደማይጭኑ ተስማምተዋል።

የገንዘቡ ምንጭ ዕቁብ በመሆኑ ክፍሉ እንዳይደናገር ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ዕቁብ አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል መዋጮ እያዋጡ፣ በዕጣ እየተለየ በየተራ አንዱ ሙሉውን የሚወስድበት፣ ወለድ የሌለው፣ በዳኛ፣ በጸሐፊና በዋስ የሚጠበቅ የቁጠባ ማኅበር ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው የባንክ መግለጫ ግን ለቪዛ መኮንን ዓይን የማይመች መልክ አለው፤ ወራት ሙሉ ጥቂት ብር ሲገባና ሲወጣ ይቆይና በአንድ ማለዳ ምንጩ ያልተገለጸ ረብጣ ዱብ ይላል። ይህን ለማስረዳት የዳኛው ፊርማና የዋሱ ምስክርነት ቢያያዙም ማኅተም የላቸውም። ከአሠሪ መሥሪያ ቤት የሚጠየቀው የፈቃድ ደብዳቤም እንዲሁ ቸግሯል፤ በየማታው ለመኪናው ባለንብረት ገቢ የሚያስገባ ሹፌር ፈቃድ የሚጠይቀው በስልክ ሲሆን፣ መልሱም «ተካ ሹፌር አምጣ» የሚል ብቻ ነው። የማመልከቻው ክፍያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ለ6 ወር የጉብኝት ቪዛ 127 ፓውንድ የተደረገ ሲሆን፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። መመለስን በተመለከተ ጥብቅ አቋም ያለው ክፍል የሰበሰበውን ክፍያ ከዚህ አቋሙ ነጻ ማድረጉ ለአመልካቾቹ ግልጽ አልሆነላቸውም።

የመንዳት ጉዳይ ችግር አይኖረውም። በብሪታንያ ሕግ የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ የያዘ ጎብኚ እስከ 12 ወር ድረስ አነስተኛ ተሽከርካሪ መንዳት ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ መንጃ ፈቃዱ ተቀባይነት አለው፣ አጠራጣሪው የያዘው ሰው ነው። በግራ መንዳትም ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ አገሪቱ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የምትነዳው በግራ ነበር። በእንግሊዝ ገጠር በቁጥቋጦ አጥር መካከል የሚያልፉት መንገዶች አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ በመሆናቸው፣ ሁለት ሹፌሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ አንደኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ይጠብቃል፣ ያለፈውም እጁን አንሥቶ ያመሰግናል። አመልካቾቹ ያልለመዱት ነገር ይኸኛው ብቻ ነው፤ ልምምዱ በ18 ማዞሪያ ላይ ሲሞከር ወደ ኋላ የተመለሰው ሹፌር ተራውን ተቀምቶ ተገኝቷል።

ጉዞው ከለንደን ወደ ደቡብ ወርዶ በሳውዝሃምፕተን ወደብ ይጀምራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፋሺስት ወረራ ተሰደው እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1936 በመርከብ የደረሱት እዚህ ነው። ከዚሁ ወደብ መኪና በሚጭን ጀልባ ወደ ዋይት ደሴት ተሻግሮ የንግሥት ቪክቶሪያ የባሕር ዳር መኖሪያ የነበረውን የኦዝቦርን ቤተ መንግሥት መጎብኘት ይቻላል። ሰባት ዓመቱ የነበረው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ አባቱ አፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዝ ጦር ዘመቻ በመቅደላ ከሞቱ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ወደ ባሕር ሲጓዙ መንገድ ላይ ካረፉ በኋላ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ለንግሥቲቱ የቀረበው እዚህ ነበር። ያሳደገው ሐበሾች ባሻ ፈለቀ ይሉት የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ሲሆን፣ በዚያው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ልጁን አንሥታዋለች። በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታየው ልጅ ፊት እንደማንኛውም የቪዛ ፎቶ አይስቅም። የዚህ ልጅ የጉዞ ምክንያት፣ የሚቆይበት ጊዜና የመመለሻ ትኬት በወቅቱ በየትኛው ቅጽ ላይ እንደተሞላ ክፍሉ ከመዝገብ ቤቱ ፈልጎ ቢያሳውቅ፣ አመልካቾቹ በዚያው ቅጽ ለመጠቀም ዝግጁ ናቸው።

ከደሴቱ መልስ መኪናው ወደ ምዕራብ አቅንቶ ባዝ ከተማ ይገባል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በፍል ውኃዋ የታወቀችውን ይህችን ከተማ መርጠው፣ ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዝተው፣ በብርድና በገንዘብ እጥረት እስከ 1940 እ.ኤ.አ. ኖረውበታል፤ በኋላም በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ አረጋውያን አበርክተዋል። የቪዛ መኮንኑ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል፤ ሥራ የሌለው፣ ገቢው የተቋረጠ፣ ወደ አገሩ መግባት የማይችል፣ ከ6 ወር በላይ የቆየ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በዛሬው መለኪያ ቢመዘን የሚያልፍበት ነጥብ የለም። ሰውየው ግን ተመለሱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ገብተው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ፤ የኖሩበትንም ቤት ለባለ አገሮቹ ትተው። ከእርሳቸው ጋር አብሮ የዘመተው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት በ1944 እ.ኤ.አ. ቢሞትም፣ ከ18 ማዞሪያ በቀለበት መንገዱ ትንሽ ወደ ሰሜን ሲኬድ በስሙ የተሰየመው ትምህርት ቤት ይገኛል። ከማለዳ ጀምሮ እስኪመሽ ረዳቶች በታክሲ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ዊንጌት! ዊንጌት! ሁለት ሰው!» እያሉ ስሙን ይጣራሉ፤ እስከ መቼ በሰፈሩ ለመቆየት እንዳሰበ እስካሁን የጠየቀው የለም።

ከባዝ በኋላ መንገዱ የልዑል ዓለማየሁን ዱካ ይከተላል። ልዑሉ የተማረባቸው የቼልትነም ኮሌጅና የራግቢ ትምህርት ቤት ከሩቅ ከታዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ወዳረፈባት ሊድስ ይወጣና፣ ተመልሶ ወደ ዊንዘር ይወርዳል። በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ለልዑሉ የተቀመጠው መታሰቢያ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ፣ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር ቃል ተቀርጾበታል። በዚያው የተቀበረው አጽሙ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ በተደጋጋሚ ቢጠየቅም፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተሰጠው ምላሽ በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ይህ የጨዋ ምላሽ ነው፤ ሙታንን ላለመረበሽ የሚደረገው ጥንቃቄም የሚያስመሰግን ነው። ጥንቃቄው በመቅደላ ዘመን ለሕያዋኑ ተርፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚቆፈር መቃብር ባልኖረ ነበር።

የማደሪያ ጉዳይ ዕቅዱን ከሁሉ ይልቅ ያጓተተው ነው። በእንግሊዝ መኪና አቁሞ በተገኘበት የማደር ጠቅላላ መብት የለም፤ በብዙ የባሕር ዳርቻ መኪና ማቆሚያዎች ሌሊት መተኛት የሚከለክል ማስታወቂያ ተተክሏል፣ በግል መሬት ላይ ለማደር የባለ መሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የተቀረው የሚከፈልበት የካምፕ ቦታ ነው። በዳርትሙር ብሔራዊ ፓርክ በሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ የማደር መብት እንኳን ጸንቶ የቀረው በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከባለ መሬቶች ጋር የተደረገውን ክርክር ለሕዝብ ከፈረደ በኋላ ነው፤ ይህም ለድንኳን እንጂ ለመኪና አልሆነም። አመልካቾቹ ይህን ደንብ ሲያነቡ ሌላ የካምፕ ታሪክ ትዝ ብሏቸዋል። በ1867 እና 1868 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከሕንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ይዞ ከዙላ ባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ድንኳን እየተከለ ተጉዟል። እውነት ለመናገር፣ የትግራዩ ካሳ አሳልፈውታል፤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የተባሉት ናቸው። ሠራዊቱም በመንገዱ ለገዛው ቀለብ በማርያ ትሬዛ ብር ከፍሏል። ለገብስ የከፈለው ሠራዊት ግን ለዘውድ አልከፈለም፤ መቅደላ ከተያዘች በኋላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጧል፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። አመልካቾቹ በካምፐርቫናቸው ዝሆን እንደማይጭኑ ያረጋግጣሉ።

የጉዞው መጨረሻ ለንደን ነው። ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ዘውዱ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ 11 ታቦታት ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ታቦታቱ የሙዚየሙ ባለሙያዎች ጭምር እንዳያዩዋቸው በተዘጋ ክፍል ስለሚጠበቁ፣ ኦርቶዶክሳውያኑ አመልካቾች ታክሲ ውስጥ ሆነው በቤተ ክርስቲያን በኩል ሲያልፉ እንደሚያደርጉት ከደጅ ተሳልመው ይመለሳሉ፤ ሙስሊሞቹ መኪናውን ይጠብቃሉ፣ የለንደን መኪና ማቆሚያ ብቻውን የሚተዉት ነገር አይደለምና። ማንም የማያየው፣ ለማንም የማይታይ ዕቃ በሙዚየም የሚቀመጥበት ምክንያት በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ነው፤ ባለአደራዎቹ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከስብስቡ ምንም እንዳያወጡ ይከለክላል። መመለስን አጥብቆ የሚጠይቀው ደንብና መመለስን አጥብቆ የሚከለክለው ሕግ የአንድ አገር ናቸው።

በዚህ ሁሉ ምክንያት አመልካቾቹ ማመልከቻቸው ከተለመደው የጎብኚ ቪዛ ውጭ እንዲታይ አንድ አማራጭ ያቀርባሉ። የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላ ቅርሶች ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ መናገራቸው ይታወሳል፤ ባለ ዕቃው የራሱን ዕቃ ተውሶ በቀነ ገደቡ እንዲመልስ ማለት ነው። አሠራሩ ተቀባይነት ካለው አመልካቾቹም ለእንግሊዝ በአጭር ጊዜ ውሰት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ባለቤትነታቸው በኢትዮጵያ ስም እንደተመዘገበ ሆኖ፣ ለ3 ሳምንት በእንግሊዝ ገጠር ለሕዝብ እይታ ይቀርባሉ፣ የመስታወት ሣጥንም አይፈልጉም። የመመለሳቸውን ዋስትና በተመለከተ ጥሩ አብነት አለ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ሁለት ቁራጭ ፀጉር ለኢትዮጵያ መልሷል፣ የዌስትሚንስተር ገዳምም በ2024 አንድ ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል። አመልካቾቹ ራስ ከነፀጉሩ ለመመለስ ቃል ይገባሉ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
— ለቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፤ የውሰት ውል ናሙና እንዲልክ
— በ18 ማዞሪያ ለታክሲ ተራ አስከባሪዎች፤ የአመልካቾቹ ተራ ለተካ ሹፌሮች እንዲሰጥ
— ለዕቁቡ ዳኛ፤ የቪዛው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ዕጣ የወጣላቸው አባላት ዋስ ሳያቀርቡ ገንዘብ እንዳይወስዱ