ሞተሩ ይውረድ!

የናፍጣ ፒክአፕዎ የእንጦጦ ዳገት ላይ ለገመ እንበል። እሰይ! ለጋራዡ ሁሉ እንጀራ ተገኘ። አንዱ «ፖምፓው ነው» ይላል፤ ሌላው «ቱርቦው አልቆለታል»። ልምድ ያለው ደግሞ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ «ይውረድ» ብሎ ይፈርዳል። ከአየር ፊልትሮው አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ብቻ የተያዘችውን የአየር መጠን ሴንሰር ማን ልብ ብሏት? አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ለጥርጣሬ እንኳ አትመጥንም።

ሥራዋ የጋለ ስስ ገላዋን አየር ሲያቀዘቅዘው፣ ስንት አየር እንደገባ ለኮምፒዩተሩ መንገር ነው። እኛ ደግሞ አንዱን ፊልትሮ ለዓመታት በኮምፕረሰር እያስነፋን አቧራ እንቀልባታለን። አሳንሳ ስትናገር ኮምፒዩተሩ ናፍጣውን ይቆጥባል፤ መኪናው ይለግማል። አንዳንዱ ጠቢብ ግን ያገኛታል፤ አግኝቶም በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ እስክትሞት ያሻታል። አስከሬኗ ንጹሕ ነው።

አዲስ ሊገዙ ከወጡ ደግሞ ሁሉም «ኦሪጅናል» ነው። ሻጩ ይምላል፣ ካርቶኑም ይምላል።

ለማንኛውም፣ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት መሰኪያዋን ነቅለው ትንሽ ይንዱት። መኪናው ከተሻለው ጥፋተኛዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ለመቀየር አንድ ካቻቢቴ ይበቃል።