ውሃ የማይቀዳበት እንስራ

የሸክላ ዕቃን ዋጋ ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም። ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ ማየት ይበቃል። መንገድ ዳር ማዳበሪያ ላይ የተደረደረ ጀበና ዋጋው ለክርክር ክፍት ነው፤ ገዢው ቁልቁል እያየ ግማሹን ይጠራል፣ ሻጯም እያዘነች ትቀበላለች። ያው ጀበና ቦሌ አካባቢ ካለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ዋጋው በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ስለሚጠብቀን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንከፍላለን። ከዚያም አልፎ ነጭ በተቀባ መቆሚያ ላይ ብቻውን ቆሞ መብራት ሲበራበት ዋጋ መጠየቅ ራሱ ነውር ይሆናል። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ የሚለው ተረት ለሰው የተተረተ ነበር፤ ለካ ለራሱ ለምንቸትም ይሠራል።

ከፍታው ለንደን ላይ ጣሪያ ነክቷል። ኤድመንድ ደ ቫል የተባለው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪና ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ለቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም 425 የፖርሴሊን ዕቃዎች ሠርቶ፣ ከጉልላቱ ሥር በቀይ የብረት መደርደሪያ ላይ ዙሪያውን ደረደራቸው። ጎብኚው ከታች ሆኖ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ያያል። መንካት የለም፤ ውስጣቸውን ማየትም የለም። የሰውየውን ሥራ እወደዋለሁ፤ ነጩና ግራጫው ጎን ለጎን ሲቆም የሚያሳርፍ ነገር አለው። ግን ያንን ሙዚየም አንዲት የእኛ አገር እናት ብትጎበኘው መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ “አቧራውን ማን ይጠርገዋል?”

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ጣሪያ ሊወጣ አልነበረም። የዛሬዎቹ የስቱዲዮ ሸክላ ሠሪዎች እንደ አያት የሚቆጥሩት በርናርድ ሊች እ.ኤ.አ. በ1920 ከጃፓናዊው ወዳጁ ከሃማዳ ሾጂ ጋር በእንግሊዝ ጠረፍ፣ ሴንት አይቭስ ላይ ምድጃ ሲያቆም ሐሳቡ ሰው የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ መሥራት ነበር። የሐሳቡ አባት ደግሞ ያናጊ ሶኤትሱ የሚባል ጃፓናዊ ፈላስፋ ነው። ስብከቱ ቀላል ነው፤ እውነተኛ ውበት ያለው ስሙን ማንም በማያውቀው፣ ስለ ውበት ሲጨነቅ በማያድር፣ ለገበያ ቀን ለማድረስ በሚጣደፍ ባለሙያ እጅ ውስጥ ነው። ይህን ለማስረዳት መጻሕፍት ተጻፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ቶኪዮ ውስጥ ሙዚየም ተከፈተ፣ በ1952 ደግሞ ሦስቱም ሰዎች ተያይዘው አሜሪካ ሄደው ከከተማ ከተማ እየዞሩ አስተማሩ። ስም አለመታወቅን እንዲህ በትጋት ከመስበካቸው የተነሣ ስማቸውን የማያውቅ የሸክላ ተማሪ ማግኘት ዛሬ ይቸግራል።

ሃማዳ በተለይ ለቃሉ ታማኝ ነበር። ሸክላው ላይ አይፈርምም። ሸክላው የሚቀመጥበት የእንጨት ሳጥን ላይ ግን ይፈርማል። ስለዚህ ዛሬ የሃማዳን ሥራ ሊገዛ የሚሄድ ብልህ ሰው ሸክላውን ገና ሳያይ ሳጥኑ የት እንዳለ ይጠይቃል።

የስምን ጉዳይ እስከ ጥግ ያሳየን ግን የቺካጎው ቲያስተር ጌትስ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ሸክላ ጃፓን ድረስ ሄዶ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ፣ ከጃፓን መጥቶ ሚሲሲፒ ላይ የከተመ፣ ጥቁር አሜሪካዊት ያገባ፣ ያማጉቺ የሚባል ታላቅ የሸክላ ሊቅ ፈጠረ። ፈጠረ ስል ከራሱ ጭንቅላት አውጥቶ ማለቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። እራት ተዘጋጀ፤ እንግዶች በሳህኖቹ በሉ፤ የሊቁን ታሪክም በአክብሮት አዳመጡ። የቺካጎ ልጅ የሠራው ሳህን ሳህን ነው፤ የጃፓን ሊቅ እጅ ያለበት ሳህን ግን ትዝታ፣ ጥበብና ጸጥታ አለው። ጌትስ ዛሬ በራሱ ስም ዓለም ያወቀው አርቲስት ሆኗልና ያማጉቺ ጡረታ ወጥቷል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስቀኝ ናይጄሪያ ላይ የሆነው ነው። የሊች ተማሪ የነበረው ማይክል ካርዲው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አቡጃ ላይ የሸክላ ማሠልጠኛ ከፈተ። በአካባቢው አሚር ቤት ያያቸው እንስራዎች ዓይኑን ስበውት ነበር፤ የላዲ ክዋሊ ሥራዎች ናቸው። ሴትዮዋ በአገሯ ስም ያላት ባለሙያ ሆና ሳለ በ1954 ሠልጣኝ ሆና ገባች። መሽከርከሪያ ሳያስፈልጋት፣ ጭቃውን እየደራረበች፣ ዕቃውን አቁማ ራሷ ዙሪያውን እየተሽከረከረች ታንጻለች። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው እንስራ ባልበረታ እሳት ስለሚተኮስ ገላው ውሃ ያሰርጋል። የሰረገው ውሃ በላዩ ላይ ሲተን የውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ኤሌክትሪክ የማይጠይቅ ማቀዝቀዣ ነው። ማሠልጠኛው ያንኑ እንስራ ግሌዝ የሚሉትን መስታወታማ ቅብ አልብሶ ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተኮሰው። ድንጋይ ሆኖ ወጣ። አያሰርግምና አያቀዘቅዝም። ብዙም ሳይቆይ ለንደን ላይ ለትርኢት ቀረበ። ውሃ ማቀዝቀዝ ባቆመ ማግሥት ሙዚየም ገባ ማለት ነው። ላዲ ክዋሊም ከነእንስራዋ በ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ታትማለች፤ ሸክላ ሠሪን ገንዘብ ላይ ያወጣ አገር ብዙ አይመስለኝም።

ናይሮቢ የተወለደችው ማግዳሊን ኦዱንዶ እንግሊዝ አገር ሥነ ጥበብ ስትማር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1974 እዚያው አቡጃ ወርዳ ከእነ ላዲ ክዋሊ እጅ ተማረች። ዛሬም መሽከርከሪያ አትነካም። በእጇ ታንጻለች፣ በለስላሳ ድንጋይ እያሸች ታንጸባርቃለች፣ ግሌዝ አትቀባም። ጥቁሮቹ ሥራዎቿ የሚጠቁሩት አየር ታፍኖበት በሚጨስ እሳት ነው፤ የእኛ ጀበና የሚጠቁርበት ጭስም የዚያው ዘመድ ነው። አንገታቸው ረዘም፣ ሆዳቸው ሞላ ያሉት የኦዱንዶ ሥራዎች በጨረታ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይሸጣሉ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝን የዴምነት ማዕረግ አግኝታለች። ይገባታል። ፎቶውን እንኳ ያየ ሰው ይገባታል ይላል። የሚያስቀው ፎቶውን ያየው የአዲስ አበባ ሰው ነው፦ “ይሄማ እኛም ጋ ሞልቷል!” ይላል። ልክ ነው፣ ሞልቷል። እሱ ቤት ግን አንድም የለም።

ሌሎቹ የስቱዲዮ ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ እሳት አምላኪዎች ናቸው። የጃፓኖችን ረጅም የእንጨት ምድጃ ይሠሩና ቀንና ሌሊት በፈረቃ፣ አንዳንዶቹ ከሳምንት በላይ፣ እንጨት ሲማግዱ ይሰነብታሉ። አመዱ እየበረረ ሸክላው ላይ ያርፍና ቀልጦ ቅብ ይሆናል። የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ምድጃው ቀዝቅዞ ሲከፈት አንዱ ጎን የቆሰለ፣ ሌላው ጎን የጠቆረ፣ አፉ ጠመም ያለ ማሰሮ ይወጣል፤ ሁሉም ዝም ብለው ያዩታል፤ ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ “እሳቱ ሰጠን” ይላል። በአዲስ አበባው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር በቀጨኔ ይህንኑ ስጦታ እሳቱ በአንድ ቀን ይሰጣል። ገዢዋ ግን “ይሄ ጎኑ ለምን ጠቆረ? ተበላሽቷል፣ ቀንሺልኝ” ትላለች።

ስለ ቴክኒክ ካነሣን አይቀር፣ እነዚያ በ1300 ዲግሪ የተተኮሱ ኩሩ ዕቃዎች የከሰል ምድጃ ላይ ቢጣዱ አብዛኞቹ ይሰነጠቃሉ። የእኛ ድስት የማይሰነጠቀው ሠሪዋ የተሰበረ ሸክላ ወቅጣ፣ ገሉን ከአፈሩ ጋር ስላቦካችው ነው። ገሉ ጭቃውን ያላላዋል፤ ገላው ሙቀት ሲመታው መላወሻ ያገኛል። ስቱዲዮዎቹ ይህንኑ የገል ዱቄት በከረጢት ታሽጎ ይገዙታል። እዚህ ያለችው ግን የራሷን ኪሳራ ፈጭታ ትጠቀማለች።

ወጣቶቹ ሸክላ ሠሪዎች በስልክ መስኮት ነው የሚኖሩት። ጭቃው ሲሽከረከር፣ ጣት ሲገባ፣ ግድግዳው ሲነሣ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ያማረው ዕቃ ካለቀ በኋላ ደግሞ በሽቦ ለሁለት ይቆርጡታል፤ ግድግዳው እኩል መሆኑን ለማሳየት ነው አሉ። እንደማየው ሕዝቡ ከመሠራቱ ይልቅ መቆረጡን ይወዳል። ያልተቆረጠው ኩባያ ይሸጣል። ገዢው አንድ ሙሉ ጠዋት ስለ እጀታው ለወዳጆቹ ያስረዳል፣ ከንፈር ላይ ሲያርፍ ያለውን ስሜት ይተርካል፤ ከዚያ እንዳይሰበር ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠውና ሻዩን ባንክ ለአዲስ ዓመት በሰጠው ኩባያ ይጠጣል።

እንዳይሰበር የማይጨነቁም አሉ። ቻይናዊው አይ ዌይዌይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሃን ዘመን ማሰሮ ከእጁ ሲለቅ በሦስት ተከታታይ ፎቶ ተነሣና ታሪክ ሆነ። እኛ ሰፈር እንስራ የሰበረች ልጅ ጠባሳ እንጂ ፎቶ አላተረፈችም። እንግሊዛዊው ግሬሰን ፔሪም አለ፤ ከሩቅ የአያት ጌጥ የሚመስል የአበባ ማስቀመጫ ይሠራል፤ ጠጋ ሲሉት ላዩ ላይ ከሕፃናት የሚደበቅ ሥዕል አለ። በ2003 ተርነር የሚባለውን ትልቅ ሽልማት በዚህ ወሰደ። የማያዩት ነገር እንዳይኖር ጠጋ ብሎ የመመልከት ባህል በእሱ በኩል አድጓል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ቀልዱ ትንሽ ይመራል። ሸክላ ሠሪን ቡዳ እያልን፣ ልጇን ለልጃችን እየከለከልን፣ በድስቷ ግን ዶሮ እየሠራን ስንት ዘመን ኖርን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጁ ተሰማ፣ ስድቡም ድምፁን ቀንሶ ቀጠለ። አሁን ደግሞ የእነዚያው ተሳዳቢዎች የልጅ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት ከፍለው ጭቃ ያቦካሉ። ሽርጥ ታጥቀው፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ ተከፍቶላቸው፣ ጥፍራቸው እንዳይበላሽ እየተጠነቀቁ። ጭቃ ውስጥ እጅ ማስገባት ጭንቀት ያረግባል ተብለዋል። እንዲያ ከሆነ የቀጨኔ እናቶች በምድር ላይ አንዳች የማይጨነቁ ፍጥረቶች መሆን ነበረባቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ አፏ የተጣመመ አንዲት የአመድ መተርኮሻ የምታህል ነገር ይዘው ይወጣሉ። የሚያጨስ ግን የለም፤ ስለዚህ የቁልፍ ማስቀመጫ ትሆናለች።

ለሸክላ እንዲህ በተጨነቅንበት ዘመን አንድ ሸክላ ብቻ ማንም ሳያጨበጭብለት ወደ ኤሌክትሪክ ተሻገረ፤ ምጣድ። ሶኬት ላይ የሚሰካው የእንጀራ ምጣድ ፊቱ ዛሬም ሸክላ ነው፤ ሽቦው ከሥሩ ተቀብሮ ያግለዋል። ከጥንቱ አፈር እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለውን መንገድ የሸፈነ የዘመናዊ ሴራሚክ ሥራ ይኸው ነው ብዬ ብናገር የሚስቁብኝ የጋለሪ ሰዎች አውቃለሁ። እነሱም ቤት እንጀራ የሚጋገረው በእሱ ነው።

በቀደም ከአንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ፊት አንዲት ቆንጆ ልጅ ቁጢጥ ብላ አየሁ። ድስቶቹን አንድ በአንድ እያነሣች በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፤ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች፤ አንዱን ለፀሐይ አንሥታ ውስጡን አየች፤ ሌላው ላይ ውሃ አስጨመረች። በመጨረሻ አንዱን መረጠችና፦

“እማማ፣ ሥሩ ላይ ስምዎን ቢጭሩልኝ?”

“ስሜን? ለምኑ ነው ልጄ?”

“የእጅ ሥራ አይደል፤ ማን እንደሠራው ይታወቅ ብዬ ነው።”

“ሥሩ እኮ እሳቱ ላይ የሚውለው ነው። በሳምንቱ ጥላሸት ይውጠዋል።”

“እሳት ላይማ አላስቀምጠውም፤ ሳሎን ነው የማደርገው።”

ሴትዮዋ ድስቱንም ልጅቷንም እያፈራረቁ ካዩ በኋላ፦

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ስታንኳኪ የዋልሽው ማንን ፍለጋ ነው?” አሏት።

ልጅቷ ለዚህ መልስ አልነበራትም። ሃምሳ ብር ግን ሳታስቀንስ አልሄደችም።