ዕውቅናው ለአይሱዙው ይሰጥልን

የከፍተኛ ትምህርት ጥራት በአገራችን ጠባቂ አጥቶ አያውቅም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ኤጀንሲ አቆመለት፤ በ2001 ሌላ አዋጅ ተተካ፤ በ2011 ሦስተኛው መጣ። ኤጀንሲውም ከፍ ብሎ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆነ። መስፈርት ተከለሰ፣ መመሪያ ተሻሻለ፣ በቅርብ ዓመታትም የግል ተቋማት በአዲስ መስፈርት ዳግም ይመዝገቡ ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ለጥራት ከማንም በላይ የደከመ አንድ ባለውለታ በየትኛውም አዋጅ ስሙ አልተነሳም። እሱም አይሱዙ ነው።

ውለታውን ለማየት ግምገማ የተቀጠረለትን አንድ ኮሌጅ በዋዜማው ማታ መጎብኘት ይበቃል። አድራሻ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ምድር ቤቱ ባንክ፣ አንደኛው ፎቅ ካፌ፣ ሁለተኛው የጥርስ ክሊኒክ፣ ሦስተኛው ኮሌጅ የሆነበትን ሕንፃ የማያውቅ ከተሜ የለም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አይሱዙው በኋላ ማርሽ እየተንፏቀቀ በሩ ላይ ይጠጋል። ወዛደሮቹ ካርቶን ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። የነርሲንግ መጽሐፍ ከአካውንቲንጉ እንደሚከብድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ምሁር የለም። ላይ ደግሞ ጸሐፊዋ ማኅተሟን ይዛ ተቀምጣለች፤ የእያንዳንዱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ እየገለጠች ትመታለች። የሌላ ኮሌጅ ማኅተም ሲያጋጥማት ነጭ ወረቀት ትለጥፍበትና በላዩ ትመታለች። ብዙ ግምገማ ያየ መጽሐፍ ወረቀት ተደራርቦበት ሽፋኑ አልገጥም ብሏል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ላይ “ቤተ መጻሕፍት” የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ጠዋት ገምጋሚዎቹ ሲደርሱ ሙጫው ገና አልደረቀም። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ያሉት አባቶቻችን ቢያንስ በርበሬው የራሳቸው ነበር።

በጭነቱ መሐል አንድ የክብር እንግዳ አለ። ለነርሲንግ ተማሪዎች መለማመጃ የሚሆነው የፕላስቲክ በሽተኛ ነው። ከኋላ ቢጫን ይሰበራል ተብሎ ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ይመጣል። እንደ እሱ ብዙ ኮሌጅ የገባ፣ እንደ እሱ ብዙ ገምጋሚ ፊት የቀረበ የለም። ክንዱ ላይ መርፌ የሚወጋበት ቦታ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ አንድም ተማሪ ነክቶት አያውቅም። የክብር ዶክትሬት እንዲህ በሚታደልበት ዘመን ለእሱ መነፈጉ ግፍ ነው።

ቀጥሎ መምህራን አሉ። መስፈርቱ በየፕሮግራሙ ይህን ያህል ሁለተኛ ዲግሪ፣ ይህን ያህል ሦስተኛ ዲግሪ ይኑር ይላል። የተጠየቀው ዲግሪ ስለሆነ ዲግሪው ይቀርባል፤ ባለቤቱ ደግሞ በስልክ ይለመናል።

“ዶክተር፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ብቅ ይበሉልን።”

“ነገ እኮ ዋናው መሥሪያ ቤቴ ክፍል አለኝ።”

“ኧረ እዚህ ክፍል አይገቡም! ቢሮዎ ቁጭ ብለው ቡናዎን ይጠጣሉ፣ በቃ።”

“ቢሮዬ የቱ ነው?”

“በሩ ላይ ስምዎ ተለጥፏል፤ አያጡትም።”

የዶክተሩ ፋይል በአራት ኮሌጅ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው። በአንድ ሰዓት አራት ቦታ መገኘት ለቅዱሳን ብቻ የተሰጠ ጸጋ ይመስለን ነበር፤ መስፈርቱ ለምሁራንም አድርሶታል። ክፍል የሚገባው ዐምና የተመረቀ ልጅ ነው። ዐምና ከተገለበጠለት ደብተር ዘንድሮ ያስገለብጣል።

ገምጋሚዎቹን መውቀስ ግን ነውር ነው። ቅጹ “መጽሐፍ አለ ወይ?” ይላል፤ መጽሐፍ አለ። “ነገስ ይኖራል ወይ?” አይልም። “ባለ ሦስተኛ ዲግሪ መምህር አለ ወይ?” ይላል፤ ይኸውና ቡናቸውን እየጠጡ። “ተማሪዎቹ ዶክተሩን በመልክ ያውቋቸዋል ወይ?” አይልም። ቅጹ የሚጠይቀውን የሚያውቅ ባለቤት፣ ቀኑንም አስቀድሞ የሚያውቅ ባለቤት፣ ምን አጥቶ ይወድቃል?

ስለዚህ መስፈርቱ ይሻሻል ሲባል ከሁሉ በፊት እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። ዕውቅና የሚሰጠው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ እንደሆነ ይታወቃል። ከእንግዲህ በየሰሌዳ ቁጥሩ ይሁን። መጽሐፉን ያመጣው አይሱዙ፣ ኮምፒዩተሩን ያመጣው አይሱዙ፣ በሽተኛውን ያመጣው አይሱዙ ሆኖ ሳለ የምስክር ወረቀቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመስታወት ተቀርጾ የሚሰቀልበት ምክንያት ምንድነው? በጋቢናው መስኮት ላይ ይለጠፍ። ኮሌጁም በማስታወቂያው “ዕውቅና ባለው አይሱዙ የሚገለገል” ብሎ በሐቅ ይናገር።

ይህን ሐሳብ የማይቀበሉ ቁም ነገረኞች አሉ። እነሱ መስፈርት ማሻሻል የሚሉት ቁጥሩን ማሳደግ ነው። ክፍሉ ይስፋ፣ መጽሐፉ ይብዛ፣ ዲግሪው ከፍ ይበል ይላሉ። መልካም ነው። የመጽሐፉ ቁጥር እጥፍ ሲሆን አይሱዙው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ የዶክተሮቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ሁለት ጀበና ይጣዳል። የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግን እንወቅ። በየሰፈሩ እውነተኛ መጽሐፍ የገዙ፣ ለእውነተኛ መምህር እውነተኛ ደመወዝ የሚከፍሉ ኮሌጆች አሉ። እነሱ በየዓመቱ ያወጣሉ፤ መጽሐፍና ዲግሪ ተከራዩ ለአንድ ማታ ብቻ ያወጣል። ከዚያ ሁለቱም ያንኑ ወረቀት ይዘው ገበያ ይወጣሉ፤ ተከራዩም ወጪ ስለሌለበት በወር ክፍያ ያስንቃቸዋል። መስፈርቱ በከበደ ቁጥር ሐቀኛው እየከሰረ፣ አይሱዙው እየበዛ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ በሰላም ሲኖር አንድ ክፉ ሐሳብ መጣ። ተመራቂው ራሱ ይፈተን ተባለ። የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ሲጀመር፣ በሐምሌ 2015 ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀመጡ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ አለፉ፤ ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ። አይሱዙው ፈተናው በር ላይ ደርሶ ቆመ፤ ለካስ ጭንቅላት በካርቶን አይጫንም። ዕውቅና ካላቸው ፕሮግራሞች፣ ዕውቅና ባላቸው ዶክተሮች ተምረው ከመጡት መቶ ተማሪዎች 83ቱ ግማሹን ጥያቄ መመለስ አቃታቸው። የዕውቅና ወረቀቱ በዚያ ቀን ያደረገላቸውን የአህያ ባልም ለሚስቱ አድርጎላታል፤ ከጅብ አላስጣላትም።

ባለቤቶቹ መልስ አላጡም። “ተማሪው ከሥር ደክሞ መጣ” አሉ። ውሸት የለበትም፤ ከሥር ያለው ትምህርት መታመሙን በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣታቸው መስክሯል። የሚገርመው ግን የልጁ ድካም ሲመዘገብ አልታየም፣ የወር ክፍያ ሲከፍልም አልታየም፤ የታየው የመጨረሻውን ክፍያ ከፍሎ ሲጨርስ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አንብበው ቢስቁ አይፈረድባቸውም። እነሱ አይሱዙ አያሻቸውም፤ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወልደዋልና ለረጅም ዘመን ፈቃድ የሚባል ነገር በራቸውን አላንኳኳም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሁለት የነበሩት ዛሬ ከ40 በላይ ሲሆኑ፣ ግንባታው ሳያልቅ ተማሪ የተቀበሉ ብዙ ናቸው። አንድ የግል ኮሌጅ እንዲያ ቢያደርግ በሩ ይታሸጋል፤ ዩኒቨርሲቲው ሲያደርገው ተደራሽነት ይባላል። 62 በመቶውም በኩራት ተነገረ፤ በሕዝብ ገንዘብ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ተምረው ከመቶ 38ቱ መውደቃቸው ግን ራሱን የቻለ ዜና አልሆነም። ጎረቤቱ 17 ካመጣ 38 መጣል ምን ያሳፍራል?

እንግዲህ ባለሥልጣኑ ከአንዳንድ አደገኛ ሐሳቦች ራሱን እንዲጠብቅ በትሕትና አሳስባለሁ። አንዳንዶች ግምገማው ቀን ሳይቆረጥለት፣ በአዘቦት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በድንገት ይሁን ይላሉ። የነጋዴን የሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ምክር ነው። ሌሎች መጽሐፍ መቁጠሩ ቀርቶ የተውሶ መዝገቡ ይታይ፣ የዲኑ ገለጻ ቀርቶ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ብቻዋን ትጠየቅ ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ያልሠለጠነች ስለሆነች እውነቱን ልትናገር ትችላለች። ከሁሉ የከፋው የእያንዳንዱ ፕሮግራም የመውጫ ፈተና ውጤት በኮሌጁ በርና በማስታወቂያው ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ እኩል በሆነ ፊደል ይጻፍ የሚለው ነው። ወላጅ አንብቦ ቢገባው ምን ይውጠናል? ይህም አልበቃ ብሏቸው የመንግሥቱም ዩኒቨርሲቲ በዚያው ሚዛን ይመዘን፣ የወደቀ ፕሮግራም ደንብ ያለውም ይሁን ፈቃድ ያለው ይዘጋ የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ጥራትን ከምር የወሰዱት ይመስላል።

እስከዚያው ድረስ የተለመደው ይቀጥላል። ኮሌጅ ይታገዳል፤ ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ ማስታወቂያ ይነገራል፤ ማስታወቂያው የአንዲት ተማሪ ጆሮ ሲደርስ ልጅቷ ሦስት ዓመት ተምራለች፤ ክፍያዋንም እህቷ ጅዳ የሰው ቤት እየሠራች ልካላታለች። ወደ ሌላ ተቋም ተዛወሪ ትባላለች። የሚቀበላት ኮሌጅ ከኮርሶቿ ግማሹን አልቆጥርም ይላታል፤ የከፈለችውን የሚመልስላት የለም። ለጥራት መጓደል የጥፋተኛነቱን ቅጣት የምትከፍለው ጥራቱን አይታው የማታውቀው እሷ ናት።

ከአዋጅ አዋጅ ሲተካ፣ ከመስፈርት መስፈርት ሲከለስ፣ ተማሪዋ በቅጹ ላይ ያላት ቦታ አልተለወጠም። ወንበሩም፣ ኮምፒዩተሩም፣ መምህሩም በእሷ ቁጥር ይካፈላል፤ ሥራዋ ማካፈያ መሆን ነው። ምን ተማረች፣ ምን ቻለች የሚለው ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳያስጨንቅ ቆይቶ፣ በመጨረሻ የሚጠየቀው ለእሷው ነው፤ ስትወድቅም የምትወድቀው ብቻዋን ነው። ፈቃድ ሰጪውም ፈቃድ ተቀባዩም ከእሷ ጋር የማይወድቁበት መስፈርት ስንት ጊዜም ቢሻሻል፣ የሚሻሻለው ወረቀቱ ነው።